የቢላዋ እጀታ ዥንጉርጉር ቢሆን ምን ነውር አለው?

ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። ዙሪያውን የከበበው ደን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ይበቅላል። ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው ውሃውን ነው፤ ስለ ዛፉ የሚናገር ጥቂት ነው፤ ከዛፉ ስለሚሠራው ትንሽ ዕቃ የሚናገር ግን ከቶ የለም ማለት ይቻላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ከአንድ ስንዝር የማይበልጠውን የቢላዋ እጀታ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የአንድን ባለሙያ እንጀራና የአንዲትን ባልትና ሴት ጣቶች የሚነካ ነው።

ገበያ ላይ ቢላዋ ሲመረጥ እንዲህ ያለ ንግግር መስማት የተለመደ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ እጀታ የተቀጠለ ነው እንዴ? ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ነው» ትላለች ገዢዋ። «የለም እታለም፣ አንድ እንጨት ነው፤ ነጩ በልጡ በኩል ያለው፣ ቀዩ ልቡ ነው» ይላል ሠሪው። ገዢዋ ግን አታምነውም፤ ቢላዋውን መልሳ አስቀምጣ ወጥ ቀለም ወዳለው ትዞራለች። እንዲህ ደጋግሞ ገበያ ያጣ ሠሪ በመጨረሻ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ቀለም ገዝቶ እጀታውን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ይቀባዋል። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንጨት በተፈጥሮው አንድ ቀለም የለውም። ዛፍ በሚያድግበት ጊዜ ውሃ የሚያመላልሰው ከቅርፊቱ ሥር ያለው አዲሱ ክፍል ነው፤ ይህም ነጣ ያለ ነው። ውስጠኛው ክፍል ግን ዕድሜው ሲገፋ ውሃ ማመላለሱን ትቶ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ያከማቻል፤ ከዚህም የተነሣ ይጠቁራል ወይም ይቀላል። የወይራን ልብ ያየ ሰው ቡናማው መደብ ላይ ጥቁር ጅራቶች እንደ ጢስ ተጥመልምለው ሲሄዱ ያስተውላል። ዋንዛ ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን ዳሩ ነጭ ነው። ዝግባ ግን ልብና ዳሩ ብዙ አይለያይም። ስለዚህ ከአንድ ዛፍ፣ ከአንድ ግንድ፣ ከአንድ ፍልጥ እንኳ የወጡ ሁለት እጀታዎች መንታ ሊሆኑ አይችሉም።

ከዚህ በላይ ደግሞ ጊዜ አለ። የእንጨትን አካል አጣብቆ የሚይዘው ሊግኒን የተባለው ነገር በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ይለወጣል። ይህ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ፣ እንደ አዊ ባለ ደጋ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ እጀታ ከቆላው ይልቅ ቶሎ መልኩን ቢለውጥ የሚያስገርም አይደለም። ለውጡም በሁሉም እንጨት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ነጣ ያለው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ጥቁር ይደበዝዛል፤ ሌላው ደግሞ ይበልጥ ይጠቁራል። በደጋው ደኖቻችን የሚገኘው ጥቁር እንጨት ሲቆረጥ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ግን እየጠቆረ ይሄዳል። በአውሮፓና በአሜሪካ አናጢዎች ዘንድ ቼሪ የሚባለው የዚሁ ዛፍ ዘመድ እንዲሁ በመጥቆሩ የተወደደ ሲሆን፣ ዋልነት የሚሉት ግን በብርሃን ይነጣል። እነርሱ ይህን ዐውቀው ለዕቃቸው ዋጋ ይጨምራሉ፤ እኛ ዋጋ እንቀንሳለን።

ነገሩ ይበልጥ የሚታየው ለጌጥ ሲባል ሌላ እንጨት በተገጠመበት እጀታ ላይ ነው። ዛሬ ጥቁሩ ወይራ በነጩ ዝግባ መካከል እንደ ጥልፍ ጎልቶ ይታያል። ከዓመታት በኋላ ነጩ ወደ ማር መልክ ይመጣል፤ ልዩነቱም ይለዝባል። ይህን «ቀለሙ ለቀቀ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የለቀቀ ቀለም የለምና። የዕርሻ እርፍ በገበሬው መዳፍ ተሽቶ ሲያብረቀርቅ ማንም «አረጀ» ብሎ አይጥለውም፤ የቢላዋ እጀታ ለምን ከዚህ የተለየ ፍርድ ይሰጠዋል?

ለውጥ ሁሉ ደኅና ነው አልልም። በብረቱና በእንጨቱ መጋጠሚያ ዙሪያ ሰማያዊ መሳይ ጥቁር እድፍ ከታየ፣ ብረቱ ርጥበት አግኝቶ ከእንጨቱ ጣኒን ጋር ተዋሕዷል ማለት ነው። ጣኒን ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉበት፣ በብዙ እንጨትና ቅርፊት ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። እድፉን የሎሚ ጭማቂ በመጠኑ ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ዋናው መልእክቱ ግን ውስጡ ያለው ብረት መዛግ መጀመሩ ነው። ነጩን የእንጨት ክፍልም ነቀዝ ይወደዋል፤ ስለዚህ ጥቃቅን ቀዳዳና የረገፈ ዱቄት ካለ መጠርጠር ይገባል። በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ እጀታም የበሰበሰ ነው። በተለይ የተገጠመው ቁራጭ ዙሪያ ክፍተት ከታየ እንጨቱ ሳይደርቅ ተሠርቷል። እንጨት ሲደርቅ ከርዝመቱ ይልቅ በስፋቱ ይኮማተራል፤ በስፋቱም ቢሆን የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው ወደ ልቡ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ሁለት እንጨቶች በተለያየ መጠን ሲኮማተሩ መጋጠሚያው ይላቀቃል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ስብና ውሃ ይገባል፤ አንድ ቀንም ሥጋ ሲከተፍ እጀታው ተላቅቆ ስለቱ ወደ እጅ ይዞራል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህን የአደጋ ምልክቶች ሁሉ የሚሸፍነው ያ ገዢው የሚወደው ወጥ ቀለም ነው! የተቀባ እጀታ ሥር ስንጥቁም፣ የነቀዙ ቀዳዳም፣ የላላው መጋጠሚያም አይታይም። ገዢው ዥንጉርጉሩን ንጹሕ ዕቃ ጥሎ የተሸፈነውን በሽተኛ ዕቃ ይገዛል፤ ሐቀኛው ሠሪ ከገበያ ሲወጣ ቀቢው ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች «ወጥ ቀለም የንጽሕና ምልክት ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል» ይላሉ። ፕላስቲክ ውሃ እንደማይጠጣ አልክድም፤ ብዙ ሥጋ ለሚቆርጥ ሉካንዳ የሚስማማ ሊሆንም ይችላል። ለቤት ቢላዋ ግን ንጽሕና የሚገኘው ወዲያው አጥቦና አድርቆ በማስቀመጥ እንጂ በቀለም አይደለም። ቢላዋን ከሳህን ጋር በውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር እንጨቱንም ብረቱንም ይገድላል። አልፎ አልፎ የተልባ ዘይት ቢቀባ መልካም ነው፤ ይህ ዘይት አየር ሲያገኘው ስለሚደርቅ እንጨቱን ይጠብቃል። የኑግ ዘይትም፣ ቀስ እያለ ቢሆንም፣ እንዲሁ ያደርጋል። ቅቤ ግን አይደርቅም፤ ይሻግታል። ባልትናን የሚያውቁ እናቶች ይህን ብነግራቸው «ቅቤ ለወጥ ነው» ብለው እንደሚስቁብኝ አልጠራጠርም።

ሌላው ሙግት የደኑ ነው። ወጥ ቀለም ያለው እጀታ ብቻ ከተፈለገ አናጢው ልቡን ወስዶ ዳሩን ይጥላል፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ እንጨት ያስፈልገዋል። የአዊ ገበሬ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ በሰፊው መትከሉ ለማገዶ የሚቆረጠውን አገር በቀል ዛፍ ሊያሳርፍ ይችላል፤ ወይራና ጥቁር እንጨት ግን ዛሬ ተተክለው ነገ አይደርሱም። ለእጀታ ከበር፣ ከወንበርና ከሣጥን ሥራ የተረፈ ቁራጭ ይበቃል፤ ቁራጭ በቁራጭ የተገጠመ እጀታ ደግሞ የግድ ዥንጉርጉር ይሆናል።

ሠሪውም ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም። አዲሱን እጀታ ሲሸጥ ለዓመታት ያገለገለ ሌላ እጀታ አጠገቡ ቢያስቀምጥና «ይኼኛው ከጊዜ በኋላ እንደዚህኛው ይሆናል» ብሎ ቢያሳይ፣ ገዢዋ የምትገዛውን ዐውቃ ትገዛለች። ያን ጊዜ በጣቷ የምትዳስሰው የእንጨቱን መልክ ሳይሆን መጋጠሚያውን ይሆናል።