የአባያ ጭቃ አስቀድሞ ይለካ

በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ መብዛቱን ለሕዝቡ መጀመሪያ የነገረው ላብራቶሪ አይደለም፤ ጥርስ ነው። ወንጂ ላይ የልጆች ጥርስ ሲበልዝ፣ ከዚያም አልፎ የአንዳንዱ አዋቂ ጉልበትና ወገብ አልታጠፍ ሲል ነው ዓይን ሁሉ ወደ ጉድጓዱ የዞረው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። በስምጥ ሸለቆው ቆላ የተቆፈሩ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ሲጠጡትም ምንም አይልም። ሰው አካሉን ሰጥቶ ነው ልኬቱን ያገኘው።

ይህን ያነሣሁት የጥርስ ነገር አሳስቦኝ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጥለው ከሚመጡት ትልልቅ ሥራዎች መካከል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫን ጠቅሰዋል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። እኔ ማመንጫውን የምቃወም ሰው አይደለሁም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ እየኖሩ መብራት አይምጣ ማለት ደግ አይመስለኝም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ቁፋሮ ሳይጀመር አገሪቱ የራሷን አፈር፣ ውኃና አየር ለክታ፣ ቁጥሩን በእጇ ትያዝ።

አባያ ሐይቅ ዳር ማመንጫ ይተከላል ያለ የለም፤ ይተከላል ብዬም አልገምትም። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬት እንዴት እንደተናወጠ፣ ስንቱ ቤቱን ጥሎ እንደወጣ አይተናል፤ አባያም የተኛው በዚያው የስምጥ ሸለቆ ስንጥቅ ላይ ነው። ታዲያ ከአርባ ምንጭ ሆኖ ይህን መጻፍ ምን አመጣው የሚለኝ አይጠፋም። መልሱን ስዊድኖች ይስጡልኝ።

የቼርኖቤል የኒውክሌር ማመንጫ የፈነዳው ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው። የሶቪየት መንግሥት ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በስዊድኑ የፎርስማርክ ማመንጫ፣ አንድ ሠራተኛ በመፈተሻው ሲያልፍ መሣሪያው ጫማው ላይ ጮኸ። ስዊድኖች መጀመሪያ የጠረጠሩት የራሳቸውን ቤት ነበር። ፈትሸው ከእነርሱ አለመውጣቱን ሲያረጋግጡ ነፋሱን ተከትለው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ሞስኮም በዚያው ቀን ማታ አደጋ መድረሱን አመነች። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ጩኸቱ አይደለም። ስዊድኖች «ይህ የእኛ አይደለም» ለማለት የቻሉት የራሳቸው ግቢ በደኅናው ቀን ስንት እንደሚያነብ አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው። ከአርባ ምንጭ እስከ ትግራይ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው የአየር መስመር ከቼርኖቤል እስከ ፎርስማርክ ካለው ያንሳል። ማመንጫው ከአገሪቱ የትም ይተከል የት፣ «ለእኛ ሩቅ ነው» የሚለው ቃል ብዙ አያስኬድም።

ማመንጫ በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ምን ይለካል? ብዙ ነገር። ሙዙን እንውሰድ። ሙዝ ፖታሲየም አለው፤ ከፖታሲየም ውስጥም ጥቂቱ በተፈጥሮው ጨረር የሚሰጥ ፖታሲየም 40 ነው። በአንድ ፍሬ ሙዝ ውስጥ በየሰከንዱ 15 ያህል አተሞች ጨረር እየሰጡ ይፈርሳሉ፤ በባለሙያዎቹ አነጋገር 15 ቤክሬል ነው። ሙሉ መኪና ሙዝ የወደብ መፈተሻ ሊያስጮህ ይችላል። በላተኛው አይደንግጥ፤ እርሱ ራሱ በሰውነቱ ከ4,000 ቤክሬል በላይ ፖታሲየም 40 ተሸክሞ ነው የሚዞረው፤ ማንንም አልጎዳም። ነገር ግን ማመንጫው ሥራ በጀመረ ማግሥት አንዱ ርካሽ የጨረር መለኪያ ገዝቶ የአርባ ምንጭ ሙዝ የተጫነበት መኪና አጠገብ ይዞ ቆሞ ቲክቶክ ላይ ቢለቅቀው፣ ገበሬው ምን ብሎ ይከራከራል? «ድሮም እንዲሁ ነበር» ለማለት የድሮው ቁጥር ያስፈልገዋል።

የዓለም ሕዝብ ከተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረር በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከመሬት ከሚተነው ከራዶን ጋዝ ነው። የስምጥ ሸለቆ ፈካ ያሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ደግሞ ከጥቁሩ ባዛልት ይልቅ ዩራኒየም ይበዛባቸዋል፤ ራዶንም በስንጥቁ በኩል መውጫ አያጣም። ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ ፍል ውኃው ሲፈልቅ ያየ ሰው መሬቱ እንዳልተዘጋ ያውቃል። ከተፈጥሮውና ከሕክምናው ውጪ በሕዝብ ላይ እንዲጨመር የሚፈቀደው ጨረር ከፍተኛው በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው፤ በደኅና የሚሠራ ማመንጫ የሚጨምረው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ከተፈጥሮው ላይ ይህችን ታናሽ ጭማሪ ለይቶ ለማወቅ የተፈጥሮውን ማወቅ የግድ ነው። ዜሮው ባልተስተካከለ ሚዛን ቡና የሚገዛ ነጋዴ የለም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ ማመንጫው ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ልኬት እንዲጀመር የሚለው በከንቱ አይደለም። እኔ ሁለቱም ያንሳል ባይ ነኝ፤ እዚህ አገር አንዱ ዓመት ድርቅ፣ አንዱ ዓመት ጎርፍ ነው።

አሁን ወደ ጭቃው። አባያን ከአርባ ምንጭ ከፍታ ላይ ሆኖ ያየ ሁሉ ቀለሙን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱ የጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ አባያ ለምን ቀላ? ብላቴ፣ ገላና፣ ጊዳቦና ሀሬ ከየደጋው የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር ውኃው ውስጥ ሳይሰክን ስለሚንሳፈፍ ነው። ከኒውክሌር አደጋ በኋላ ከሁሉ በላይ ከሚያስቸግሩት አንዱ፣ ሲዚየም 137 የሚባለው፣ እንዲህ ያለ ደቃቅ ሸክላ አፈር ካገኘ ይጣበቅበታል፤ አይላቀቅም። ግማሹ ለመጥፋት 30 ዓመት ይፈልጋል። ጨንቻ ሣር ላይ፣ ወላይታ ማሳ ላይ፣ ሲዳማና ጌዴኦ ቡና ሥር የወደቀ አቧራ ዝናብ ሲያጥበው የሚወርደው ወደዚህ ሐይቅ ነው። የግማሽ ደቡብን ሰማይ ለመለካት ቦታ ምረጥ ብባል ሌላ አልፈልግም።

ደግሞም ሐይቅ ይመዘግባል። ኃያላኑ መንግሥታት የኒውክሌር ቦምብ አየር ላይ ሲሞክሩ በነበረበት ዘመን ሲዚየሙ በዓለም ሁሉ ዘንቧል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ቀንሷል። በብዙ አገር የሐይቅ ደለል ውስጥ ያ ዓመት እንደ መስመር ይገኛል፤ ተመራማሪዎችም የደለሉን ዕድሜ የሚቆጥሩት በእርሱ ነው። ወደ ምድር ወገብ በተጠጋ አገር የወረደው ከሰሜኑ ያነሰ ስለሆነ የአባያው መስመር ደብዛዛ መሆኑ አይቀርም፤ ለዚህም ነው ጥሩ መሣሪያ የሚያሻው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ረጅም ቱቦ ጭቃው ውስጥ ይሰካል፣ የወጣው በየሴንቲሜትሩ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ ከጀርማኒየም የተሠራ ጨረር ለቃሚ ላይ ይቀመጥና ሰዓታት ይጠበቃል። ለቃሚው ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ይህን ሲሰማ የሚደነግጥ ካለ፣ የከብት አዳቃዮቻችን የኮርማ ዘር ይዘው ገጠር ለገጠር የሚዞሩት በዚሁ ፈሳሽ ነው። ናይትሮጅኑስ አገር ውስጥ አለ።

ከጭቃው ጋር የሚበላውም ይለካ። የጫሞ ነጭ ዓሣ፣ ቆሮሶው፣ ጋሞዎች ሀለኮ የሚሉት ሽፈራው፣ እንሰት፣ ከሁሉም በላይ ወተት። እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዝ አገር ዊንድስኬል የተባለው የኒውክሌር ተቋም ሲቃጠል መጀመሪያ የተደፋው ወተት ነበር፤ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የታለበ። ጨረር ሰጪው አዮዲን 131 ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ልጅ አንገት የሚደርሰው በቀናት ውስጥ ነው። የደጋ በግ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ይረዝማል። ከቼርኖቤል በኋላ በዌልስ ተራሮች በግ ሳይፈተሽ እንዳይሸጥ የተጣለው ገደብ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ 26 ዓመት ቆይቶ። ዶርዜ ላይ በግ የሚያረባ ሰው ይህን ታሪክ ቢሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ ከእኔ የተሻለ ይሆናል።

ማን ይለካ ነው ዋናው ጭቅጭቅ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው ቼርኖቤል በፈነዳበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1986 ነው። ውኃ መቅዳት፣ ደለል መለካት፣ ወንዝ መከታተል ሥራው ነው። የጨረር ቁጥጥሩ በሕግ የመንግሥት ነው፤ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ሥራ አሁን በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ተጠቃሏል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሆስፒታል ራጅ መቆጣጠር አንድ ነገር ነው፤ ግዙፍ ማመንጫ መቆጣጠር ሌላ። ማመንጫ ለማስጀመር ከሚቸኩለው ወገን የራቀ፣ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ማመንጫው ራሱን ይለካ፤ ተቆጣጣሪውም ይለካ፤ ዩኒቨርሲቲውም ከሁለቱም ሳያስፈቅድ ይለካ። ሦስቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ያኔ እንነጋገራለን። ጃፓን ውስጥ ከፉኩሺማ የኒውክሌር አደጋ በኋላ የመንግሥትን ቁጥር ማመን ያቃታቸው ሰዎች ሴፍካስት የሚባል ማኅበር አቋቁመው መሣሪያውን ራሳቸው ሠርተው፣ መኪና ላይ ጭነው፣ ያነበቡትን ለሁሉም ክፍት አድርገዋል። እኛ ማመን እስኪያቅተን መጠበቅ የለብንም።

የጋሞ ቆላ ከኒውክሌር ጋር እንግዳ አይደለም። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ከብቱን ሲጨርስ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረው ፕሮጀክት ቃሊቲ ላይ ዝንቡ እየተረባ፣ ወንዶቹ በጨረር እየመከኑ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ በአውሮፕላን ተለቅቀዋል። ዝንቡ ይመክናል እንጂ ጨረር ተሸክሞ አይሄድም። ይህን አርሶ አደሩ ይወቅ አይወቅ፣ አስረጂው ማን ይሁን ማን፣ በሬው ከዳነ ጉዳዩ ተረሳ። ለማመንጫ ግን እንዲህ አይሆንም፤ ብረቱ ለ60 ዓመት ይቆማል።

ገና ቦታው ሳይታወቅ ገንዘብ ማፍሰስ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ማመንጫው ቢቀርስ? ቢቀርም ጉድጓዱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ዩራኒየም በሊትር ከ30 ማይክሮግራም አይለፍ ይላል፤ ራዶን የሚበዛበትን ቤትም በመስኮት ማናፈስ ይቻላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ቢያውቅ የሚከስረው የለም። ደግሞ ኢትዮጵያ በፈረመችው ዓለም አቀፍ የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ውል ዝርዝር ውስጥ ከ80ዎቹ የአየር ጨረር መከታተያ ጣቢያዎች አንዱ ፊልቱ ላይ እንዲሆን ሰፍሯል፤ ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

ውጤቱ ደግሞ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአማርኛና በጋሞኛ፣ ሲቀላና ሼቻ ገበያ ላይ፣ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር በር ላይ ይለጠፍ፤ የአምናው ከዘንድሮው ጎን። ቱቦ ለመስካት ሐይቁ ጸጥ የሚልበት፣ የበልጉ ጎርፍም ያልወረደበት ጊዜ ጥርና የካቲት ነው። ጀልባ አለ፣ ተማሪ አለ፤ የጎደለው ለቃሚውና ሥራው ይጀመር ብሎ ደብዳቤ ላይ የሚፈርም ሰው ነው።