ምክር ቤቱ ስለ ግብር ሲከራከር፣ ከምትልኩት ድርሃም ስንቱ ይቀራል?

በእረፍት ቀን ከዱባይ አየር ማረፊያ ጎን ባለው አል ጋርሁድም ሆነ በዴራ፣ ገንዘብ መላኪያ ቤት የምትገባ ኢትዮጵያዊት ቀድማ የምትጠይቀው «ዛሬ ድርሃም በስንት ገባ?» ብላ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደስ ይላታል። ማታ ቤተሰብ ጋ ስትደውል ግን የምትሰማው ሌላ ነው፦ «ብሩ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን፤ ግን አልበቃም።»

ብሩ በዝቶ ሳለ ለምን አልበቃም? የመልሱ አንድ ክፍል ያለው የኢትዮጵያ መንግሥት የኢኮኖሚና የግብር ፖሊሲውን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በተከላከለበት ክርክር ውስጥ ነው።

መንግሥት ምን አለ?

ምክር ቤቱ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ለ2018 በጀት ዓመት 1.93 ትሪሊዮን ብር አጽድቋል። በዚያው ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከአባላቱ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ ሰጥተዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 10 ቀን፣ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጁ ጸደቀ።

የመንግሥት መከራከሪያ በአጭሩ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያ የምትሰበስበው ግብር ከኢኮኖሚዋ ስፋት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ከአገር ውስጥ ምርቱ ከ12 በመቶ በላይ የነበረው የግብር ድርሻ ከ8 በመቶ በታች ወርዶ ነበር፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች አማካይ ግን ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ግብር ካልተሰበሰበ ደግሞ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የመምህሩ ደመወዝም የሚሸፈነው በብድር ወይም ብር በማተም ነው። ብር ሲታተም ዋጋ ይንራል። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩን ማቆሙን፣ የዋጋ ንረቱም በ2017 ዓ.ም. ወደ 14 በመቶ መውረዱን እንደ ውጤት አቅርቧል።

ይህ መከራከሪያ እውነት አለው። ግብር የማይሰበስብ መንግሥት አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም። አዲሱ አዋጅም ለደመወዝተኛው በብር ሲሰላ ቅናሽ አምጥቷል። በወር 6 ሺህ ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በቀድሞው ሕግ 935 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን የሚቆረጥበት 700 ብር ነው። ከግብር ነጻ የሆነው የደመወዝ መጠንም ከ600 ወደ 2 ሺህ ብር ከፍ ብሏል።

በድርሃም ስናሰላው

እናንተ ግን የምታስቡት በድርሃም ነውና ስሌቱን በድርሃም እንየው። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.67 ሆኖ የተቆረጠ ነው፤ የሚወጣና የሚወርደው ብሩ ነው።

የ600 ብሩ ወለል በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር። 600 ብር ማለት ያኔ 100 ድርሃም ያህል ነው። በ2017 መጨረሻ ግን አንድ ድርሃም 36 ብር ገደማ ስለገባ፣ አዲሱ የ2 ሺህ ብር ወለል ከ55 ድርሃም ብዙም አይበልጥም ነበር። በብር ከሦስት እጥፍ በላይ ያደገው ወለል በድርሃም ወደ ግማሽ ወርዷል ማለት ነው። እርግጥ አገር ቤት ያለ ሰው ጤፉን የሚገዛው በብር ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የብሩም ዋጋ አልቆመም፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ወለሉ ከዚህም ከፍ እንዲል የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። «የዋጋ ንረት ወረደ» ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ንረቱ 14 በመቶ ሲሆን፣ 100 ብር የነበረው ዕቃ በዓመቱ 114 ብር ሆነ ማለት ነው፤ የሚጨምርበት ፍጥነት እንጂ ዋጋው አልቀነሰም።

የሐዋላው ሒሳብ

መንግሥት ከሚኮራባቸው ለውጦች አንዱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለአራት ዓመት የሚቆይ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ አጽድቋል። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሆነ።

በባንክ ስትልክ ለኖረች እህት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። 1 ሺህ ድርሃሟ ከ15 ሺህ 600 ብር ገደማ ወደ 36 ሺህ ብር አድጓል። ሁለት እጥፍ ከሩብ በላይ ነው።

ብዙዎች ግን ያኔም ቢሆን በባንክ አይልኩም ነበር። በጥቁር ገበያ አንድ ድርሃም ከለውጡ በፊትም 31 ብር አካባቢ ይመነዘር ነበር። ከ31 ወደ 36 ሲያድግ ጭማሪው 16 በመቶ ገደማ ነው፤ በዚያው ዓመት የአገር ቤት ዋጋ ደግሞ ወደ 14 በመቶ ጨምሯል። የጨመረውን ብር ገበያው መልሶ ወስዶታል። «ብሩ ደርሶናል፣ ግን አልበቃም» የሚለው ቃል ምስጢሩ እዚህ አለ፤ እናትም አልዋሸችም፣ ልጅም አላጎደለችም።

ምንዛሪው ሲቀራረብ ግን አንድ ጥቅም ተገኝቷል። በሕጋዊ መንገድ መላክ እንደ ድሮው ግማሹን የሚያሳጣ አይደለም። በጥቁር ገበያ የተላከ ገንዘብ ቢጠፋ የምትከሱበት ደረሰኝ የላችሁም፤ በባንክ የላካችሁት ግን ማስረጃ አለው።

ግብሩ እናንተን የት ያገኛችኋል?

ለቤተሰብ የምትልኩት ገንዘብ ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ግብር አልጣለም። ግብሩ የሚያገኛችሁ ገንዘቡ ወጪ ሲሆን ነው። ኢማራት ውስጥ ዕቃ ስትገዙ የምትከፍሉት ቫት 5 በመቶ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ 15 በመቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የቫት አዋጅ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የመብራትና የውሃ ፍጆታን ወደ ቫት አስገብቷል። አገር ቤት ያለው ወንድማችሁ መብራት ሲከፍል፣ ከግብሩ ጥቂቱ የተከፈለው በእናንተ ላብ ነው።

ሁለተኛው ቤት ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ በከተማ መሬት መጠቀሚያና በሕንጻ ላይ በየዓመቱ የሚከፈል ግብር እንዲጣል መንገድ ከፍቷል። በዓመታት ድካም ቤት የሠራች እህት ይህን ካላወቀች፣ የማታውቀው ውዝፍ ተጠራቅሞ ሊጠብቃት ይችላል።

ሦስተኛው ስትመለሱ የምትከፍቱት ሱቅ ወይም የፀጉር ቤት ነው። በአዲሱ የገቢ ግብር ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ የሚከፍለው በሽያጩ መጠን ተሰልቶ ነው። ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ሽያጩ ግብር አለው። ካፒታል ስታጠራቅሙ ይህንንም አስቡ።

የክርክሩ ጎደሎ

ብልጽግና ፓርቲ አብዛኛውን ወንበር በያዘበት ምክር ቤት የክርክሩ ውጤት አስቀድሞ ይታወቃል። አዋጁ ይጸድቃል፤ የተቃዋሚ አባላት ጥያቄ በመዝገብ ይቀራል። ለእኛ ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ማደጉን ሲናገር የእናንተ ሐዋላ ከስኬቱ ይቆጠራል። የግብር ጫናው ሲሰላ ግን የምትልኩለት ቤተሰብ እንደ ማንኛውም ሸማች ይታያል። የግብሩ ድርሻ ስንት በመቶ ደረሰ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከተሰበሰበው ግብር ምን ያህሉ የእህታችሁን ልጅ ያስተምራል፣ እናታችሁን ያሳክማል የሚለውም እኩል ሊጠየቅ ይገባል።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለውን አድርጉ። የላካችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። ቤት ካላችሁ ካርታው በማን ስም እንደሆነና ግብሩ መከፈሉን ደረሰኙን በስልክ አስልካችሁ አረጋግጡ። ቤተሰብ ስታናግሩም «ስንት ብር ደረሳችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «ባለፈው ወር በላክሁት ስንት ኪሎ ጤፍ ገዛችሁ? ዘንድሮስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የድርሃማችሁን እውነተኛ ምንዛሪ የሚነግራችሁ እሱ ነው።