የበጉን ወገብ ጨብጠን፣ ቤቱን ዓይናችንን ጨፍነን?!

ለፋሲካ በግ የሚገዛ የአዲስ አበባ ሰው ወገቡን ጨብጦ፣ ላቱን በመዳፉ መዝኖ፣ ጥርሱን ገልጦ አይቶ ነው ብሩን የሚያወጣው። ያገለገለች መኪና የሚገዛም መካኒክ ይዞ ይሄዳል። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ከፍሎ አዲስ ቤት የሚረከበው ሰውዬስ? ከሽያጭ ሠራተኛዋ ኋላ ኋላ እየተከተለ፣ የሳሎኑን ስፋት እያደነቀ ዞሮ ይፈርማል! ኧረ ለመሆኑ ቤት ከበግ ያነሰ ነገር ነው እንዴ?

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። አሜሪካ የምትኖር ዘመዴ ስንት ዓመት ሌሊት ሠርታ ላጠራቀመችው ቤት ባለፈው ጥር ወንድሟ በውክልና ሊረከብ ሲሄድ እኔና አንድ መሐንዲስ አብረነው ሄድን። በሩ ላይ «ባለሙያ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ድርጅቱ የራሱ መሐንዲሶች አሉት» ተባልን። እንግዲህ ጉድ በሉ! የከፈልንበትን ቤት ለማየት ፈቃድ? ስንጨቃጨቅ ቆይተን ገባን።

መሐንዲሱ ኪሱ ውስጥ ከነበረ ሳንቲም ነው የጀመረው። የወለሉን ሴራሚክ አንድ በአንድ ሲያንኳኳ ግማሹ እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል፤ ከሥሩ ሲሚንቶ አልያዘም። የመታጠቢያ ቤቱን የውሃ መውረጃ ደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ አቆመ። በማግሥቱ ተመልሰን የታችኛውን ፎቅ ኮርኒስ ብናይ ረጥቧል። ሶኬቶቹን በትንሽ መሣሪያ ሲፈትሽ የመሬት ሽቦ የተገናኘላቸው ሦስቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም! ውሃ ልኩንማ በረንዳው ላይ ሲያስቀምጠው ተዳፋቱ ወደ ውጪ ሳይሆን ወደ ሳሎን ነው። (በጥር ማን ያውቃል? የሚያጋልጠው ሐምሌ ነው፤ ርክክቡ በበጋ ሲሆን ደስ የሚላቸውም ለዚሁ ይመስለኛል።)

የድርጅቱ መልስ ምን ነበር? «ቀላል ነው፣ ከተረከባችሁ በኋላ እናስተካክላለን!» የመጨረሻው ክፍያ ገቢ ከሆነ በኋላ ማን ስልክ ሊያነሳ!

«ማዘጋጃ ቤት አይቶታል፣ አማካሪ መሐንዲስ ተቆጣጥሮታል» የሚሉ አሉ። የሕንፃ ሹም ሥራው ሕንፃው በፕላኑና በደንቡ መሠረት መቆሙን ማየት ነው እንጂ የእናንተን ሴራሚክ እየዞረ ማንኳኳት አይደለም። አማካሪው መሐንዲስስ? ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው? ሻጩ! ታዲያ ለገዢው ብሎ የሚያይ አንድ ሰው እንኳ የት አለ?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩን ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም ይላል። ነገር ግን በዓይን የሚታየውን፣ በሳንቲም የሚንኳኳውን ጉድለት ዝም ብላችሁ «አይቼ፣ ወድጄ ተረክቤያለሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁ ነገ ዳኛው ፊት የሚጠብቃችሁ ጥያቄ «ያኔ ለምን አልተናገርክም?» የሚል ነው። ያቺ ፊርማ ናት ወጥመዷ!

ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት፣ የመጨረሻውን ክፍያ ሳትለቁ፣ የራሳችሁን መሐንዲስ ይዛችሁ ግቡ። የምትከፍሉት አበል ከቤቱ ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ የሻይ ነው። ያገኘውን ጉድለት በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርምበት፤ አንዱን ቅጂ ለሻጩ በደረሰኝ ስጡ፣ አንዱን ደብቃችሁ ያዙ። ውጪ አገር ያላችሁም ውክልና ስትልኩ ለባለሙያው የሚከፈለውን አብራችሁ ላኩ፤ ወንድማችሁ ቢወዳችሁም ስለ ፌሮና ስለ ሶሌታ ምን ያውቃል?

ለሻጮቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። ውላችሁ በስንት ገጽ ስለ ገዢው ቅጣት ያትታል፤ «ገዢው ከመረከቡ በፊት በመረጠው ባለሙያ ቤቱን ያስፈትሻል» የምትል አንድ መስመር ለመጨመር ምን ከለከላችሁ? ሥራችሁን የምታምኑበት ከሆነ ሳንቲም የያዘ ሰው በር ላይ ሲመጣ ምን አስደነገጣችሁ?