የአገልግሎት ዘመንና የእናቶች ዋስትና

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት፣ በጸሐፊነት፣ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ተሰማርተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች አሉ። የእነዚህ እናቶች የእርጅና ዋስትና ጡረታ ነው። ለመሆኑ ለጡረታ የሚያበቃው አገልግሎት የሚቆጠረው እንዴት ነው?

በመንግሥት ትምህርት ቤት አገልግሎት የሚቆጠረው በቋሚነት ከተቀጠሩበት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሠራተኛዋ ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፤ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ የሚከፈልበት ስለሆነ መዋጮው አይቋረጥም።

60 ዓመት ሲሞላ የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ እየተከፈላት 12 ዓመት በኮንትራት፣ ከዚያም 8 ዓመት በቋሚነት ሠርታ 60 ዓመት ሞላት እንበል። መጥረጊያ የያዘችው 20 ዓመት ነው፤ የሚቆጠርላት ግን 8 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ የምታገኘው ዳረጎት እንጂ የወር አበል አይደለም። በኮንትራት ያለች እናት ቋሚ ቅጥር ሲወጣ ሳትዘገይ መወዳደር የሚኖርባት ለዚህ ነው።

10 ዓመት ያገለገለች የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዟ 30 በመቶ ይታሰብላታል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። በዚህ ስሌት 25 ዓመት ያገለገለች መምህርት 48.75 በመቶ ታገኛለች።

የግል ትምህርት ቤት ሠራተኞችም በአዋጅ ቁጥር 715/2003 መሠረት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በጡረታ ታቅፈዋል። ከግል ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥትም ወደ ግል የተዛወረች ሠራተኛ መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎቷ ተደምሮ ይያዝላታል። ይህ የሚሆነው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። ከያቤሎ ወደ ነገሌ የተዛወረች መምህርት ማኅደሯ አብሯት መምጣቱን ማረጋገጥ አለባት።

ስለዚህ ውድ እናቶች፣ የቅጥር፣ የዝውውርና የመልቀቂያ ደብዳቤዎቻችሁን ቅጂ በቤታችሁ አስቀምጡ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጠይቁ። መጀመሪያ ስትቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ ለጡረታ የሚጸና በመሆኑ የልደት ቀናችሁን በትክክል አስመዝግቡ። የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃም አይዘንጋ፤ ሞት ቢያጋጥም ለትዳር ጓደኛ የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ የሚሰጠው በእርሱ ነው። ዛሬ በአንድ ፋይል የምትሰበስቡት ወረቀት ነገ የቤታችሁ ቀለብ ነው።