«ትለምደዋለህ» የሚለው ምክር ገደብ አለው



በጤና ጽሑፎቻችን ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ወባና ስለ ክትባት ብዙ አንብባችኋል። ዛሬ ጥቂቶቻችንን ብቻ ስለሚይዝ፣ የያዘውን ሰው ግን ከትምህርትና ከሥራ ስለሚያስቀር የዓይን ሕመም አስተያየቴን ልስጥ። ሕመሙ ኬራቶኮነስ ይባላል። እኔም አለብኝ።

ኮርኒያ ማለት በዓይናችን ፊት ለፊት ያለው፣ እንደ ሰዓት መስተዋት ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ኬራቶኮነስ ባለበት ሰው ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄድና ክብነቱን ትቶ ወደ ፊት ይሾጥጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ወይም በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለቱንም ዓይን ይይዛል፤ አንዱ ግን ይብሳል። ማታ የመኪና መብራት ጨረሩ ተበትኖ ይታያል፣ አንዱ ፊደል ሁለትና ሦስት ይሆናል፣ መነጽር ቢቀየር ቢቀየር አይበቃም። ለሰው ሲነግሩት ደግሞ «በዚህ ዕድሜህ ምን ዓይን አመመኝ ትላለህ?» ይባላል።

ሕመሙ ሲጠና መነጽር የማይበቃው ኮርኒያው ወጣ ገባ ስለሚሆን ነው። ጠንካራው ኮንታክት ሌንስ ግን ዓይን ላይ ሲቀመጥ በሥሩ እንባ ይሞላና ወጣ ገባውን ያስተካክለዋል፤ ብርሃኑም በሌንሱ ለስላሳ ፊት በኩል ይገባል። ተራው ለስላሳ ሌንስ እንደ ጨርቅ የኮርኒያውን ቅርጽ ይዞ ስለሚተኛ ሕመሙ ለጠናበት ሰው ብዙም አይረዳም። ለጌጥ የሚሸጠውን ባለ ቀለም ሌንስማ ተዉት። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 አዶልፍ ፊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከመስተዋት የተሠራ ሌንስ በጥንቸሎች፣ ቀጥሎም በራሱ ዓይን ላይ ሞክሯል። በዚያው ዓመት በፓሪስ ኢዠን ካልት የተባለው ሐኪም የመስተዋት ሌንስ ለኬራቶኮነስ ተጠቅሟል። ያን ጊዜ ሌንሱን ከጥቂት ሰዓት በላይ መቻል አይሞከርም ነበር። ዛሬ አየር የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ስላለ እንደዚያ መሰቃየት የለብንም።

እኔ ግን ተሰቃይቻለሁ። ሐርጌሳ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የአገሬ ልጅ ከውጭ አገር የመጣ ጥንድ ጠንካራ ሌንስ ሰጠኝ። ሌንሱ የተሠራው ለሌላ ሰው ዓይን ነበር። አንድ የመነጽር ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው አደረገልኝና «መጀመሪያ ይቆረቁራል፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። እውነትም ግድግዳው ላይ ያለውን ትንሹን ፊደል ሳይቀር አነበብኩ፤ ከደስታዬ የተነሳ ሕመሙን ናቅሁት። ስምንት ወር ሙሉ በቀላ ዓይን፣ እያነባሁ፣ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። የጂላል ነፋስ አቧራ ሲያነሳ መንገድ ዳር ቆሜ ሌንሱን አወጣለሁ፤ እንደ ዕውር እየዳበስኩ ቤቴ እገባለሁ። በመጨረሻ አንድ የዓይን ባለሙያ ሲያየኝ የግራ ዓይኔ ሾጣጣው ጫፍ ላይ ጠባሳ ተገኘ። ሌንሱ ለእኔ ዓይን ዝርግ ስለነበር ዓይኔን በገረፍኩ ቁጥር ያንኑ ቦታ ሲፍቅ ኖሯል። ያ ጠባሳ ዛሬም አለ።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት «ትለምደዋለህ» የሚለው ምክር ገደብ ሊኖረው ይገባል። አዲስ ጠንካራ ሌንስ የዓይን ቆብን መቆርቆሩና ማስለቀሱ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው በቀን በጥቂት ሰዓት ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨመረው። ይህ መቆርቆር ግን በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ከቀነሰ በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ ሌንሱ ከወጣም በኋላ ዓይኑ ካመመ ወይም እይታው ከደበዘዘ ጥፋቱ የእናንተ ትዕግሥት ማጣት አይደለም፤ ሌንሱ አልገጠመም ማለት ነው። ባለሙያው ብርቱካናማ ቀለም ዓይን ውስጥ ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት ሲያይ ሌንሱ የት እንደሚነካና የት እንደሚያጠብቅ ይታየዋል። ይህን ሳያደርግ «ልክህ ነው» የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

አንዱ ዓይነት ካልተስማማም ሌላ አለ። በጠንካራው ሌንስ ሥር ቀጭን ለስላሳ ሌንስ ማድረግ ይቻላል። መሐሉ ጠንካራ፣ ዳሩ ለስላሳ ሆኖ የተሠራም አለ። ለብዙዎች የሚመቸው ደግሞ ስክለራል የሚባለው ሰፊው ሌንስ ነው። ይህ ኮርኒያውን ሳይነካ በላዩ ተሻግሮ የዓይኑ ነጭ ላይ ያርፋል፤ በውስጡም ንጹሕ ሳላይን ይሞላል። ነጩ እንደ ኮርኒያው ስሜቱ የተሳለ ስላልሆነ ሕመሙ ይቀንሳል፣ አቧራም እንደልቡ አይገባም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ የሚሞላው ሳላይንም በየቀኑ ወጪ ነው። እኔ የቀኙን ለማሠራት አንድ ዓመት አጠራቅሜ፣ ወንድሜም በዛድ ልኮልኝ ነው። የግራው ገና ነው።

አሁን ስለ ውሃ። ሐርጌሳ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ውሃ በቦቴ ወይም በአህያ ጋሪ መጥቶ በርሜል ውስጥ የሚከርም ነው። ለመጠጥ አክመነው ይሆናል፤ ሌንስ ግን የቧንቧም ሆነ የተፈላ ውሃ መንካት የለበትም። አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ሕዋስ በውሃ ውስጥ ይኖራል፤ በሌንሱ ሥር ከገባ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። በምራቅ አርሶ መመለስም ክልክል ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ ሌንሱን ለሌንስ በተሠራው ፈሳሽ ብቻ እጠቡ። ፈሳሹ ካለቀባችሁ በዚያ ቀን ሌንስ አታድርጉ። ጸበል የምትጠመቁም ሌንሳችሁን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ይህን ማለቴ እምነት ለመንካት አይደለም። ኩልና የቡና ዕጣን ጭስም ቢርቁ ይሻላል፣ የኋለኛው ለእኔም ከባድ ነው!

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዓይኑን ሲያሽ ዝም አትበሉ። የዓይን አለርጂ ያለበት ልጅ ዓይኑን አጥብቆ ማሸቱ ከኬራቶኮነስ ጋር የተያያዘ ነው። በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አሳርፉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ጠብታ ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታችሁ አትጨምሩለት፤ ማሳከኩን ለጊዜው ቢያቆምም ሲደጋገም የዓይን ሞራና ግላኮማ ያመጣል። ሌንስ እይታን እንጂ ሕመሙን አያቆምም። እየባሰ የሚሄደውን የሚገታው ክሮስሊንኪንግ የሚባለው ሕክምና ነው፤ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ተደርጎ በጨረር ኮርኒያውን ያጠነክራል፣ ይህም የሚጠቅመው ቀደም ብሎ ሲደረግ ነው።

ለረጂ ድርጅቶችም አንድ ቃል። ገንዘብ ሲያንስ ሕይወት አድን ሕክምና እንደሚቀድም እናውቃለን፣ አንቃወምም። አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ይሠራል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን መነጽርና ሌንስ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ከእኛ ለብዙዎቻችን ግን በዋጃሌ በኩል ተመልሶ መሄድ አይሞከርም። ስለዚህ ሌንስን ከጌጥ ጋር ባትቆጥሩብን። ሰሌዳ ማንበብ ላልቻለ የ15 ዓመት ልጅ ሌንስ ማለት ደብተር ማለት ነው። በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት ስትዞሩ ዓይኑን የሚያሽና መነጽሩ የማይበቃው ወጣት ካለ ስሙን ያዙልን። የዓይን ባለሙያ ሲመጣ ዝርዝሩ ዝግጁ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ ለአሥር ሰው ይበቃል።

ለምርመራ የምትሄዱ፣ አሮጌውን ሌንስና ማስቀመጫውን ይዛችሁ ሂዱ። ጠንካራ ሌንስ የኮርኒያውን ቅርጽ ስለሚጫነው ከልኬቱ በፊት ለምን ያህል ቀን ማውጣት እንዳለባችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ዓይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁ፣ ብርሃን ካስፈራው ወይም በድንገት ነጭ ደመና ከጋረደው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌንሱን አውጥታችሁ በዚያው ቀን ሂዱ።