ሁለት ክንድ ከስንዝር

ሰሞኑን ሦስት ቤት ለጥየቃ ብገባ ሦስቱም ዘንድ የጠበቀኝ ወሬ አንድ ነው፤ አይላንድ። ኩሽናው መሐል ላይ፣ ግድግዳ ሳይነካ ለብቻው የሚቆመው ባንኮኒ ማለት ነው። አንዷ ጎረቤቴ እሱን ለማስገባት የኮንዶሚኒየሟን የኩሽና ግድግዳ ልታስፈርስ ተነስታለች። ሌላዋ ልጇ ከውጭ አገር የላከላትን ፎቶ በስልኳ እያሳየች «እንዲህ ዓይነቱን አሠራልሻለሁ ብሎኛል፤ ምን ትይኛለሽ?» አለችኝ። እኔ አናጺም መሐንዲስም አይደለሁም። ነገር ግን እኅቴ መካነ ሰላም ላይ ቤት ስትሠራ እናታችን ያደረገችውን በዓይኔ አይቻለሁና እሱን ላጫውታችሁ።

ጊዜው ጥር ነው፤ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ደሴ አድሬ፣ በጊምባና በአቀስታ አድርጌ መካነ ሰላም ስደርስ ቤቱ ገና መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳው አልተጀመረም። እናታችን እኅቴ ዘንድ ነው የምትኖረው። የእኅቴ ትልቁ ልጅ ከሚኖርበት አገር የኩሽና ፎቶ ልኮ ነበር፤ ነጭ በነጭ የሆነ፣ መሐሉ ላይ ሰፊ ባንኮኒ፣ ባንኮኒው ላይ ምድጃ የተገጠመለት፣ ዙሪያውን ረጃጅም በርጩማ የተደረደረለት። ግንበኛው ፎቶውን አይቶ በደብተሩ ላይ ነድፎታል። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ባንኮኒ፣ መሐል ላይ ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አይላንድ። ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ያምራል።

እናቴ ወረቀት ማንበብ አትችልም። «መሬት ላይ አሳዩኝ» አለች።

ከጓሮ አመድ በአካፋ አምጥታ ግንበኛውን እየጠየቀች መስመሩን በአመድ አሰመረች። ግድግዳው እዚህ፣ በሩ እዚህ፣ ባንኮኒው እዚህ። አይላንዱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ሁለት የእንጨት አግዳሚ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ከዚያ እኅቴን «በይ እንደምትጋግሪ ሁኚ» አለቻት። ለእኔ ሰፌድ ሰጥታኝ «አንቺ እንጀራ ይዘሽ በኋላዋ እለፊ» አለች። የአራት ዓመቷን የልጅ ልጇን ደግሞ ማንም ሳያዛት መሐላችን መሯሯጥ ጀምራለች።

ሒሳቡን እናንተም ሥሩት። ከ3 ሜትር ተኩል ላይ ሁለቱን ባንኮኒ 1 ሜትር ከ20፣ አይላንዱን 90 ሳንቲ ሜትር ስትቀንሱ 1 ሜትር ከ40 ይቀራል። በግራና በቀኝ ሲካፈል በእያንዳንዱ በኩል 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰፌድ ብቻውን 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ አለው። እኅቴ ጎንበስ ስትል እኔ ሰፌዴን ይዤ ተቀርቅሬ ቀረሁ፤ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ልጅቷ በእግሬ መሐል ሾልካ አለፈች። ግንበኛው ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«እንዲህ ነበር የሆነው» አለች ወደ እኔ ዞራ። የምትለው ገብቶኛል።

ያደግንበት ጎጆ ውስጥ ጉልቻው መሐል ላይ ነበር። ዙሪያውን መደብ፣ ከመደቡ ወዲህ እንሥራና የእህል ዕቃ። እሳቱ የቤቱ ልብ ነው፤ ደጋ ነውና ማታ ማታ ሁላችንም እሱን ከበን እንሞቃለን። ስናስበው አይላንድ የሚሉት ነገር ለእኛ አዲስ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የሽሮ ድስት ይዤ ወደኋላ ስል ከኋላዬ የቆመውን ታናሽ ወንድሜን ገፋሁት። እጁን ከእሳቱ ውስጥ አሳረፈ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ሁለቱ ጣቶቹ ግን አይዘረጉም። እሱ ረስቶታል። እኔ እጁን በጨበጥኩት ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ከእናቴ ጋር ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

«ያንቺ ጥፋት መስሎሽ ኖረሻል» አለች፤ ግንበኛው እየሰማ። «መተላለፊያ አልነበረውም። ጉልቻውን እዚያ ያኖርኩት እኔ ነኝ።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አመዱን አልፋ ሄደች፤ ክንዷን ከአግዳሚው ጫፍ ጀምራ ወደ ባንኮኒው ለካች፤ ሁለት ክንድ። ስንዝር ጨመረችበት። «ከዚህ ካነሰ አልገባበትም» አለች። ግንበኛው በሜትር ሲለካው 1 ሜትር ከ20 ሆነ። በኋላ እንዳየሁት የኩሽና ባለሙያዎች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ለሚሠራበት ኩሽና ከ1 ሜትር ከ5 ያላነሰ፣ ሁለት ሰው ለሚሠራበት 1 ሜትር ከ20 ገደማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለዛሬዎቹ ኩሽናዎች መነሻ ከሆኑት አንዱን የነደፈችው ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል የቪየና አርክቴክት ናት፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች ቤቶች። አንዲት ሴት ስታበስል ስንት እርምጃ እንደምትራመድ አስጠንታ፣ ከባቡር የምግብ ፉርጎ ተምራ፣ 1 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ40 የሆነ ኩሽና አወጣች። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ድካም ቀነሰ። ቆየት ብሎ ግን ትችት መጣበት፤ ለአንድ ሰው ብቻ ስለተለካ ሁለት ሰው አይሠራበትም፣ እናትየዋም እያበሰለች ልጇን ማየት አትችልም። እኔ በበኩሌ በእኛ አገር አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ማድ ቤት አይቼ አላውቅም። አንዷ ትጋግራለች፣ አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አያት ጥግ ይዛ ቡና ትቆላለች፣ ልጅ ይሯሯጣል። ኩሽናችሁን ስትለኩ እነዚህን ሁሉ አስገብታችሁ ለኩ።

እና ምን ወሰንን? በአንደኛው ግድግዳ በኩል የነበረው ባንኮኒ ቀረ። አይላንዱ ከ90 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ጠበበ። ስለዚህ በሥራው በኩል 1 ሜትር ከ20፣ በመተላለፊያው በኩል 1 ሜትር ከ10 ተገኘ። በሩም ወደ ውስጥ ሲከፈት መተላለፊያውን ይዘጋ ስለነበር ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደረገ። የወንድሜ ልጅ እንኳ ቢሆን፣ አልኩ በሆዴ፣ በዚህ በኩል ይሮጣል።

ከሁሉ በላይ ግን እሳቱ ከመሐል ወጣ። ይህን ያልኩት እናቴ ስላለች ብቻ አይደለም። ምድጃ መሐል ላይ ሲሆን የድስት እጀታ በሁሉም አቅጣጫ ለልጅ እጅ ይደርሳል፤ ፎቶው ላይ ያሉት ረጃጅም በርጩማዎችም ልጆቹን ከፈላ ድስት ፊት ለፊት የሚያስቀምጡ ናቸው። የጋዙ ቱቦ ወለል ለወለል መሻገር አለበት። ጭሱም መውጫ ያጣል፤ ግድግዳ ሥር ሲሆን ግን የጭስ ማውጫ ማቆም ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ከእነሱ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። መካነ ሰላም ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ባቄላና አተር ለመብሰል ይቆያል፤ እሳቱም ጭሱም አብሮ ይቆያል።

እንጀራው ውጭ ባለችው ማድ ቤት በምርጥ ምድጃ እንዲጋገር ተስማማን። ከሲሚንቶ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከበው ማለቴ ነው፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ለእሱም ቢሆን ቦታ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ጎን ቡሖቃው፣ በሌላው ጎን ሰፌዱ፣ ከፊት ማገዶው፣ ለአክንባሎውም ማሳረፊያ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአይላንዱ ላይ ማስቀመጥ የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ስለሆነ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ወለሉ ውስጥ መቀበር አለበት። በኋላ ካሰባችሁት ገመዱ በመተላለፊያው ላይ ተጋድሞ ሰው ይጥላል።

ስለ ቁመትም ተከራክረናል። የተለመደው የባንኮኒ ቁመት 90 ሳንቲ ሜትር ነው። እናቴ አጭር ናት፤ ክርኗ ከፍ ብሎ ሽንኩርት መክተፍ ትከሻዋን ያደክማታል። ከክርን በታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ነው እጅ ሳይደክም የሚሠራው። አይላንዱ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ። እኅቴ ትንሽ ጎንበስ ትላለች፤ ቅር አላላትም።

እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መስኮቱ ሥር አንድ ሜትር ተኩል ባዶ መሬት። ምንም እንዳይሠራበት። በርጩማዋን አስቀምጣ ቡና የምትቆላበት ነው። እኅቴ «ፍሪጁን የት ላርገው?» ብላ ተቆጣች፤ ነገሩ ሳያልቅ ራት ደረሰ። (ፍሪጁ ዛሬ ሳሎን ነው ያለው።) መስኮቱ የተመረጠው በከንቱ አይደለም፤ የከሰል እሳት በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላልና ቡና ሲቆላ መስኮቱ ይከፈታል።

ማታ ላይ ነፋስ ተነሳ። ከቤት ወጥቼ ባይ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በአመዱ መስመር ላይ ጠጠር ትደረድራለች። አብሬያት ጎንበስ ብዬ ደረደርኩ። ስለ ወንድሜ አላነሳንም።

በማግስቱ ግንበኛው ሲባጎውን ይዞ መጣ። «እማማ፣ ድንጋዩን ላንሳው?» አላት።

«መጀመሪያ ለካው» አለችው።