የአራት መቶ እጆች ግድግዳ

ሥዕል የአንድ ሰው ዓይንና የአንድ ሰው እጅ ውጤት ነው፣ ከ400 በላይ ወጣቶች ብሩሽ ያነሱበት ግድግዳ ግን የበጎ አድራጎት ሥራ እንጂ ጥበብ አይባልም የሚሉ አሉ። የጁዲት ባካ ትልቅነት ግን ያለው እዚያው ላይ ነው ባይ ነኝ። ባካ በ1946 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሜክሲኮ አሜሪካውያን ቤተሰብ የተወለዱ፣ ራሳቸውን ቺካና ብለው የሚጠሩ ሠዓሊ ናቸው። በ1976 ቱሁንጋ ዋሽ በሚባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ የኮንክሪት ግድግዳ ላይ የካሊፎርኒያን ታሪክ መሳል ጀመሩ። ቅቡ አምስት የበጋ ወቅቶችን ፈጅቶ 840 ሜትር ያህል ረዘመ። ቀለም ከቀቡት መካከል ከሕግ ጋር የተጋጩ ልጆችም ነበሩበት፤ የማይተያዩ የነበሩ ሰፈሮች ልጆች አንድ መወጣጫ ላይ ቆመው ውለዋል።

ታዲያ ሥዕሉ ተበታትኗል? የ1950ዎቹን ክፍል ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። አውራ ጎዳናው እንደ እባብ ተጠማዞ አንዱን ቤተሰብ ከሁለት ይከፍላል፤ ሰዎቹ ተያይዘው ሳለ ኮንክሪቱ መሐላቸው ይገባል። ከላይ ደግሞ ቻቬዝ ራቪን የተባለው የድሆች ሰፈር በፈረሰበት ቦታ የተሠራው የዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ስታዲየም ከሰማይ እንደወረደ የጠፈር መንኮራኩር ያንዣብባል። ይህን ያቀናበረው የአንድ ሠዓሊ አእምሮ ነው። ንድፉ የባካ ሆኖ፣ ታሪኩ ከምሁራንና ዘመኑን ከኖሩ ሰዎች አንደበት ተለቅሞ፣ ቀለሙን የቀባው ደግሞ የዚያው ታሪክ ወራሽ ነው። ዋና ሠዓሊና ረዳቶች ያሉበት አሠራር፣ በነገራችን ላይ፣ ከጥንትም የነበረ ነው፤ ረዳቶቹ የድሃ ሰፈር ልጆች ሲሆኑ ብቻ ለምን ነውር ይሆናል?

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ግድግዳው ወገንተኛ ነው፣ በደል እየመረጠ ይስላል የሚለው። እውነት ነው፣ ይመርጣል። ግን የመረጠው ከመማሪያ መጻሕፍት ተገፍቶ የቆየውን ነው፤ በ1930ዎቹ ወደ ሜክሲኮ የተባረሩትን የሜክሲኮ ተወላጆች፣ በ1942 ወደ ካምፕ የተጋዙትን ጃፓናውያን አሜሪካውያን። የጃፓናውያኑ ግዞት እዚያ ግድግዳ ላይ ከተሳለ በኋላ፣ በ1988፣ የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠይቆ ካሣ እንዲከፈል ወስኗል። ወገንተኛ የተባለው ሥዕል ከመንግሥት ይቅርታ ቀድሞ እውነቱን ተናግሮ ነበር ማለት ነው።

ግድግዳው በ2017 በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ገብቷል። በ2021 ደግሞ የሜለን ፋውንዴሽን ታሪኩ ከ1950ዎቹ ወዲህ እንዲቀጥል 5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ጥበብ አይደለም የሚሉት አሁን መከራከር ያለባቸው ከሥዕሉ ጋር ነው፤ ከሠሩት ልጆች ማንነት ጋር መሆን የለበትም።